የዩኒቨርሲቲ ከተማ ለመጎብኘት ስታስቡ፦ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አርባ ምንጭ ወይስ ጅማ?

በምርቃት ሰሞን ነገሩ ሁሌ እንዲህ ነው። ቤተሰብ ሚኒባስ ይከራያል፣ ሌሊት ይነሳል፣ አዳራሽ በር ላይ ይጋፋል፣ አበባ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ያገኘውን ቀምሶ ማታውኑ ይመለሳል። ልጁ አራት አምስት ዓመት የኖረበትን ከተማ ግን አላየውም። ይህ በጣም ያስቆጨኛል።

የዩኒቨርሲቲ ከተማ ለእንግዳ የሚመች ነገር አለው። ተማሪ ባለበት ርካሽ ምግብ አለ። ጁስ ቤት አለ፣ የጀበና ቡና አለ፣ ማታ ማታ የሚንሸራሸር ወጣት አለ። ከሁሉም በላይ፣ ሽሮው የሚጣፍጠው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ባጃጁ ስንት እንደሚያስከፍል የሚነግራችሁ ተማሪ አለ። ደላላ ሳያስፈልጋችሁ ከተማውን ታውቁታላችሁ።

መመሪያው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ቀን ይዞ የት ልሂድ የሚል ነው። ሁለተኛው ምርቃት ተጠርቶ ከተማው የተወሰነለት ነው፤ እሱ የራሱን ከተማ ክፍል አንብቦ አንድ ቀን ቢጨምር ይበቃዋል። አምስቱን የመረጥኳቸው ሁሉም ትልቅ ዩኒቨርሲቲና አውሮፕላን ማረፊያ ስላላቸው፣ እያንዳንዳቸውም ሌላው ጋ የማይገኝ ነገር ስላላቸው ነው። ሐረርን ያልጨመርኩት ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ውጭ ስለሆነ ነው። ጀጎል ደግሞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

መንገዱን ቀድሞ ማጣራት

ከማወዳደር በፊት አንድ ነገር። ባለፉት ዓመታት በተለይ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር በሚወስደው የመኪና መንገድ ላይ የጸጥታ ችግር ነበር። ሌሎቹም መንገዶች አንዳንዴ ይዘጋሉ። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት እዚያው ከተማ ለሚኖር ሰው ደውሉ። ተማሪው ወይም የሆቴሉ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። የዛሬ ወር የሄደ ጓደኛ የሚነግራችሁ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። መንገዱ የሚያጠራጥር ከሆነ በአውሮፕላን ሂዱ፣ ወይም ሌላ ከተማ ምረጡ። በሌሊት መንዳት ግን በየትኛውም አቅጣጫ አልመክርም።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መለኪያዬ ሰዓት ነው። ሰው "ሦስት ቀን አለኝ" ይላል። ሁለቱን ቀን መኪና ውስጥ ካሳለፈው ያለው አንድ ቀን ነው። የመንገዱን ሰዓት ቀንሳችሁ የሚተርፈውን ቁጠሩ።

ሁለተኛው ከማን ጋር እንደምትሄዱ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፣ የሁለት ዓመት ሕፃን እና የጓደኛሞች ቡድን አንድ ከተማ አይስማማቸውም። ሦስተኛው ወጪው የሚጋራ መሆኑ ነው። ጀልባ የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም። ሁለት ሰው ብቻውን ከያዘው ይወደዳል፤ ስምንት ሰው ሲካፈለው አይሰማም።

አራተኛው ምግብ ነው፣ በጾምም በፍስክም። ረቡዕና ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከሄዳችሁ ምርጫው ይቀየራል። አምስተኛው ማታ ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ወጥቶ መንሸራሸር የማይቻልበት ከተማ ሁለተኛውን ሌሊት ያረዝመዋል።

ሐዋሳ

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል። ከሞጆ የሚነሳው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል። በአሮጌው መንገድ ከሄዳችሁ ደግሞ ባቱ ላይ ዓሣ በልታችሁ፣ ላንጋኖን አይታችሁ፣ አብጃታና ሻላን በሩቁ ተሰናብታችሁ ትገባላችሁ። ሌሎቹ ከተሞች ጋ መንገዱ ወጪ ነው፤ እዚህ ግን የጉብኝቱ አካል ነው።

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብባል፣ ጠዋት አሞራ ገደል ሂዱ ነው የምለው። ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ይገባሉ። ልጆች ዓሣውን በሚያስደንቅ ፍጥነት ይበልታሉ። ቁመታቸው የሰው ደረት የሚደርስ፣ አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ሕፃን ልጅ ይህን ካየ ወር ሙሉ ያወራዋል። እዚያው ትኩስ የዓሣ ሾርባ ይቀርባል፤ የተጠበሰውም በዳጣ ይበላል። ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበሉም አሉ። ያልበሰለ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊያስተላልፍ ስለሚችል ለእርጉዝና ለልጅ አልመክርም። ሾርባው ራሱ ይበቃል።

ከሰዓት በኋላና ማታ ያለው ፍቅር ሐይቅ ነው። በሐይቁ ዳር የተሠራው መንገድ ረጅም ነው፣ ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው። እናት በዝግታ ትሄዳለች፣ ልጅ ይሮጣል፣ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ አለ። ጦጣዎቹ ግን ሌላ ናቸው፤ ሙዝና ብስኩት ከእጅ ይነጥቃሉ። ጉማሬ ለማየት በጀልባ መውጣት ይቻላል። ጠዋት ውኃው ጸጥ ስለሚል ያኔ ይሻላል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳትለብሱ አትሳፈሩ፤ የለም ከተባላችሁ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ታቦር ተራራን መውጣት አጭር ነው፤ ከላይ ከተማውም ሐይቁም ይታያል።

የሲዳማ ምግብ ሳትቀምሱ አትመለሱ። ቡርሳሜ ከቆጮ በብዙ ቅቤ ይሠራል። ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ይቀርባል፣ በወተት ይበላል። ከባድ ነው፤ ለሁለት አንድ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሲዳማ ቡና። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲሆን ጉዱማሌ ላይ ሕዝቡ በሙሉ ይወጣል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀኑን የሚወስኑት ኮከብ የሚቆጥሩ አያንቶዎች ስለሆኑ በየዓመቱ ይለያያል።

ድክመቷ ዝነኝነቷ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚወርደው ሰው፣ ስብሰባውና ሠርጉ ተደምሮ የሐይቅ ዳር ሆቴሎች ይወደዳሉ። የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ሲደርስ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው። የሐምሌው ከምርቃት ሰሞን ጋር ሊገጣጠም ይችላል። በጀት ያጠረው ሰው ከሐይቁ ራቅ ብሎ ይደር፣ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ይውረድ። ምሳም ቢሆን ከሐይቅ ዳር ይልቅ ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ይረክሳል።

ባሕር ዳር

በመኪና 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሙሉ ቀን ይወስዳል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ። ስለዚህ ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው በመኪና ባያስባት ይሻላል።

ከተማዋ ራሷ ቆንጆ ናት። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች፣ ሜዳ፣ ብስክሌት። ከአምስቱ ከተሞች በእግር ለመሄድ የሚመቸኝ እዚህ ነው። ተማሪ "ፔዳ" እና "ፖሊ" ሲላችሁ ሁለቱን ግቢዎች ማለቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው ከፖሊቴክኒክና ከፔዳጎጂ ተቋማት ውሕደት ስለሆነ ስሞቹ ቀርተዋል። ማታ ከተማሪዎች ጋር በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ መሻገር ጥሩ ነው። በ2016 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተ፣ 380 ሜትር የሚረዝም፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ያለው ድልድይ ነው። ሌላ ቦታ ድልድይ ተራ ነገር ነው። ዓባይ ከጣና ገና በወጣበት ላይ ቆሞ ማየት ግን ልብ ይነካል።

ዋናው ነገር ጣና ነው። ገዳማቱን ስትመርጡ ከማን ጋር እንደሄዳችሁ አስቡ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እናታችሁን ይዛችሁ ጀልባ ላይ አስቀምጣችሁ እናንተ ብቻ እንዳትገቡ፣ ወደ ዘጌ ሂዱ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሁሉም ይገባባታል፤ የግድግዳ ሥዕሏም በጣና ዙሪያ ካሉት ሁሉ ዝነኛ ነው። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኗ ያለው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። ዳገቱ ቀስ ያለ ነው፤ አዛውንት እያረፉ ይወጡታል። ዘጌ በየብስም ስለሚደረስባት መኪናም አማራጭ ነው። ጀልባ የሚፈራ ሰው ካለ ይህን አትርሱ።

ጢስ ዓባይን በተመለከተ ቀጥተኛ ልሁን። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ ያስፈራል፣ ያስደንቃል። በበጋ ግን ውኃው ሲቀንስና ለኃይል ማመንጫው ሲሄድ ፎቶ ላይ ያያችሁትን አታገኙትም። በየካቲት ከሆነ ጉዟችሁ፣ ያንን ግማሽ ቀን ለጣና ጨምሩት። ጢስ ዓባይ ከደረሳችሁ ደግሞ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ እለፉበት።

ምግቡ ዓሣ ነው። ዓሣ ዱለት፣ ዓሣ ጉላሽ፣ ሙሉ የተጠበሰ ቀረሶ። ዱለቱን ከሌሎቹ አስቀድሙ። ሐይቁን እያዩ መብላት ደስ ይላል፤ ግን የቦታውን ዋጋ ጭምር ነው የምትከፍሉት። ቅዳሜ ገበያውን እዩት።

ጎንደር

ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። ለአንድ ምሽት ብሎ ጎንደር መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ስጧት።

ታሪክ ለሚወድ ሰው ከአምስቱ ተወዳዳሪ የላትም። አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተማ አድርገው የቆረቆሯት ናት። ግቢው፣ ፋሲል ግምብ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አስጎብኚ ያዙ። ያለ አስጎብኚ ድንጋይ አይታችሁ ትወጣላችሁ፤ በአስጎብኚ ግን እያንዳንዱ ንጉሥ ከአባቱ ቤተ መንግሥት አጠገብ ለምን የራሱን እንደሠራ ይገባችኋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ የተሣሉት መላእክት ከየአቅጣጫው ያዩአችኋል። ጠዋት ሂዱ፣ ብርሃኑ ይረዳል። የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ብዙ ሰው የማይሄድበት ነው፤ ለዚህ ነው የምወደው። ጸጥታው ራሱ ያሳርፋል።

የፋሲል መዋኛ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው ለማለት ይቻላል። ለጥምቀት በቀሃ ወንዝ ውኃ ይሞላል። ጥር 11 እዚያ መገኘት የሚፈልግ ሰው አልጋውን ከወራት በፊት ይያዝ፤ ዋጋውም ከሌላ ጊዜ እንደሚጨምር ይወቅ። ከእስራኤል የሚመጡ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ወደ ወለቃ መንደር ይወጣሉ፤ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፣ በሸክላ ሥራዋም ትታወቃለች።

የከተማው አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ጋቢ ያዙ። ዳገቱ ብዙ ስለሆነ ጉልበት ለሚያመው ሰው ከቦታ ቦታ በባጃጅ ይሁን። ምግቧ እንደ ሐይቅ ከተሞቹ አንድ ዝነኛ ነገር የለውም፤ ግን በጾም ከሄዳችሁ በየዓይነቱዋ ጥሩ ናት፣ ከጣሊያን ዘመን በቀረው ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ መቀመጥም ደስ ይላል። ማታ አዝማሪ ቤት። አዝማሪው ስለ እናንተ ግጥም ሲገጥም ሽልማት ይጠብቃልና ዝርዝር ብር ይዛችሁ ግቡ።

ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው የተጀመረው፤ ዛሬም የሐኪም ምርቃት ሲሆን ከተማው ይሞላል። ተጨማሪ ሁለት ቀን ያለው ጤነኛና ጠንካራ ሰው ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች ይቀጥል። ጭላዳ ዝንጀሮ መንጋው ውስጥ ገብታችሁ እንኳ ከቁብ አይቆጥራችሁም።

አርባ ምንጭ

ብዙ ሰው የማያስባት፣ ሄዶ ሲመለስ ግን ስለሌላ የማያወራላት ከተማ። በሆሳዕናና በሶዶ በኩል 430 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሻሸመኔ በኩል 500 ይደርሳል። በመኪና ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። በአውሮፕላን ከሄዳችሁ ግን ሦስት ቀን ይበቃል።

ከተማዋ ሁለት ናት፤ ታች ሲቀላ፣ ላይ ሴቻ። ሴቻ ጫፉ ላይ ቆማችሁ ስታዩ አባያና ጫሞ ሐይቆች፣ መካከላቸው ያለው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ሸንተረር፣ ከታች ጥቅጥቅ ያለው ደን በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ከዩኒቨርሲቲ ከተሞቻችን ሁሉ ከመቀመጫ ሳይነሱ የሚታይ እንዲህ ያለ እይታ ሌላ የለም ብዬ አምናለሁ። አመሻሹ ላይ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ጫሞ ላይ የአዞ ገበያ የሚባለው አለ። ስሙ ገበያ ይሁን እንጂ የሚሸጥ የለም፤ አዞዎቹ ዳር ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁበት ነው። በጀልባ ቀረብ ብሎ ይታያል። ጉማሬውም፣ ይብራ የሚባለው ትልቅ የውኃ ወፍም እዚያው ነው። እጅን ውኃ ውስጥ መንከር ክልክል ነው፤ ልጅ ከያዛችሁ ከጀልባው ጠርዝ አርቁት። ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ደን ውስጥ ናቸው። ወርዶ መመለሱ ዳገት ስላለው ለአዛውንት ይከብዳል።

ግማሽ ቀን ለዶርዜ ያዙ። ከሞቃቱ ከተማ ወደ ጉጌ ተራራ ስትወጡ አየሩ በአንዴ ይቀየራል፤ ሹራብ ያስፈልጋል። ከቀርከሃና ከእንሰት የሚሠራው ቤት ፊቱ ዝሆን ይመስላል። ምስጥ ከሥር ሲበላው እየተቆረጠ ያጥራል፤ ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ሽሮ ሜዳ የምትገዙት ጥበብ ሥሩ እዚህ ነው። ከሸማኔው እጅ ከገዛችሁ ዋጋው እንዲቀንስ ብዙ አትከራከሩ፤ ሥራውን ቆማችሁ አይታችሁታል። ቆጮው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገራል፣ በማርና በዳጣ ይበላል። ዳጣው ያቃጥላል፤ ዓመት ላለፈው ልጅ ማሩን ብቻ።

ከተማ ውስጥ ዓሣ ነው፣ ሙዝ ነው፣ ማንጎ ነው። ማንጎው በወቅቱ ከሆነ ቁርስም እራትም ይሆናል።

ሙቀቱን ግን አስቡበት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደም ግፊት ላለበት ሰው እኩለ ቀን ላይ መንቀሳቀስ ይከብዳል። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ። ወባ እዚህም፣ በሐዋሳም፣ በባሕር ዳርም፣ በጅማም አለ።

ጅማ

350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጊቤን በረሃ ወርዶ መውጣት አለው። ጅማ ቁጭ ብሎ ለማየት እንጂ ለመሯሯጥ አይደለችም። አረንጓዴ ናት፣ ዝናቧ ብዙ ነው፣ ሰዉ እንግዳ ይወዳል።

ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በእንጨት የተሠራ ነው። ከጎንደር ግንብ ጋር አታወዳድሩት፤ ውበቱ ሌላ ነው። የንጉሡ ዕቃዎች ከተማ ውስጥ ባለው ሙዚየም አሉ። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ማር፣ ቡና ግዙ። ማሩን ቀምሳችሁ ግዙ። ቡናውን ጥሬውን ውሰዱት፤ ቤት ሲቆላ ነው ሽታው ሙሉ የሚሆነው። አንድ ቀን የሚተርፈው ወደ ቦንጋ ይቀጥል፤ የከፋ ደን ጫካ ቡና የሚበቅልበት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኗል።

ከአምስቱ ወጪዋ ቀለል የምትለኝ ጅማ ናት። ጀልባ የለ፣ ውድ መግቢያ የለ። ማታዋ ግን አጭር ነው።

ዓሣ የት ይሻላል?

ሦስቱ ሐይቅ ከተሞች ላይ ሁሌ ክርክር አለ። እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ። ሾርባና ጠዋት ከሆነ ሐዋሳ። ዱለትና ጉላሽ ከሆነ ባሕር ዳር። ወፍራም ሥጋ ያለው ኮተሌትና ጥብስ ከሆነ አርባ ምንጭ። የትም ብትሆኑ ግን አስተናጋጁን "የዛሬ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ቢያቅማማ ሽሮ እዘዙ። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም ስላለ፣ ከሽማግሌ ጋር ከሆናችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቋቸው።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| | ሐዋሳ | ባሕር ዳር | ጎንደር | አርባ ምንጭ | ጅማ |
|---|---|---|---|---|---|
| ከአዲስ አበባ በመኪና | ግማሽ ቀን | ሙሉ ቀን | ከአንድ ቀን በላይ | ሙሉ ቀን | አብዛኛው ቀን |
| ቢያንስ የሚበቃ ጊዜ | 2 ቀን | በአውሮፕላን 2፣ በመኪና 4 | በአውሮፕላን 3 | በአውሮፕላን 3፣ በመኪና 4 | 3 ቀን |
| ዋና መስህብ | አሞራ ገደል፣ ፍቅር ሐይቅ | ጣና፣ ዘጌ | ፋሲል ግምብ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ | ጫሞ፣ ዶርዜ | ጅሬን፣ ቡና |
| ምግብ | የዓሣ ሾርባ፣ ቡርሳሜ | ዓሣ ዱለት | በየዓይነቱ | ዓሣ፣ ቆጮ በማር | ማር፣ ቡና |
| ለአዛውንት | በጣም ይመቻል | ይመቻል | ዳገት አለው | ሙቀት አለው | ይመቻል |
| ለሕፃናት | በጣም ይመቻል | ይመቻል | መካከለኛ | ጥንቃቄ ይፈልጋል | መካከለኛ |
| ምሽት | ሞቅ ያለ | ሞቅ ያለ | አዝማሪ ቤት | ጸጥ ያለ | አጭር |
| ወጪ | መካከለኛ፣ ቅዳሜና እሑድ ውድ | ጀልባው ካልተጋራ ውድ | መካከለኛ፣ ለጥምቀት ውድ | ጀልባና መኪና ካልተጋራ ውድ | ዝቅተኛ |

ለማን የቱ?

ሕፃንና አያት አንድ ላይ ይዛችሁ ከሆነ ሐዋሳ። አልጠራጠርም። መንገዱ አጭር፣ ሐይቁ ዳር ሜዳ፣ የሚታየው ነገር ሁሉ ቅርብ ለቅርብ ነው።

ጓደኛሞች ሆናችሁ አምስት ስድስት ከሆናችሁ አርባ ምንጭ። ጀልባውንም፣ ወደ ዶርዜ የምትወጡበትን መኪናም ትካፈላላችሁ። ጥንዶች ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን ባሕር ዳር ይሻላችኋል፤ ያለ መኪና፣ ያለ ቡድን ቀኑ ይሞላል።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል ልጆቻችሁን አገር ልታሳዩ ከመጣችሁ፣ በአውሮፕላን ባሕር ዳርና ጎንደርን አንድ ላይ አድርጉት። አምስት ቀን ስጡት። የውጭ ፓስፖርት ያለው ሰው በብዙ መስህቦች መግቢያ ላይ የሚከፍለው ይለያል፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካላችሁ ያዙት። ዓለም አቀፍ በረራችሁ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡን ትኬት ስትቆርጡ ቅናሽ እንዳለ ጠይቁ። ልጆቹ ታሪክ የሚሰለቻቸው ዕድሜ ላይ ከሆኑ ግን በጎንደር ፈንታ አርባ ምንጭን ተኩ። አዞ አይሰለችም።

ገንዘብ ላጠረው ተማሪ ወይም አዲስ ሥራ ለጀመረ ሰው ሁለት ምርጫ አለ። ጊዜ ካለው ጅማ። ጊዜ ከሌለው ሐዋሳ፣ ግን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን። በሁለቱም ከተማ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያሉትን ቤቶች እዩ። ፍርፍር፣ ሽሮ፣ ፓስታ በአትክልት፣ እንቁላል ስልስ፣ ከዚያ የአቮካዶ ስፕሪስ። ተማሪ የተሰለፈበት ቤት ይሻላል፤ ምግቡ ስለሚያልቅ ሁሌ ትኩስ ነው። ተማሪ ለእረፍት ከሄደ ግን እነዚህ ቤቶች ግማሾቹ ይዘጋሉ፣ ከተማውም ይቀዘቅዛል። ግቢው ክፍት መሆኑን አጣርታችሁ ቀን ቁረጡ።

ለምርቃት የምትሄዱ ደግሞ አልጋ የምትይዙት የምርቃቱ ቀን እንደታወቀ ነው እንጂ ሳምንት ሲቀረው አይደለም። ከዋዜማው ይልቅ ከምርቃቱ በኋላ ያለውን ሌሊት ጨምሩ። ዋዜማውን ልጁ በካባና በፎቶ ሩጫ ላይ ነው፤ በማግስቱ ግን ነፃ ነው። ጠዋት ይዟችሁ ይውጣ። ቁርስ እሱ በሚበላበት ቤት ይሁን፣ ሂሳቡን እናንተ ክፈሉ፤ ቡና ያጠጣችውን፣ በዱቤ ያበላችውን ሴት ካስተዋወቃችሁ ደግሞ ዱቤውን ዘግታችሁለት ውጡ።